ፕሮፎርማው የማያሳየው ብድር

ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ትዕዛዝ ሲሰጥ ኃላፊነቱን የተወጣ ይመስለዋል። የዕቃው እውነተኛ ዋጋ ግን የሚታወቀው ቼኩ በሚፈረምበት ቀን ነው።

ለብስኩት ፋብሪካ ካርቶን የሚያቀርብ አነስተኛ አምራች እንውሰድ። የ500,000 ብር ካርቶን አስረክቦ 75,000 ብር ቫት የጨመረ ደረሰኝ ቆረጠ እንበል። ወረቀቱን የገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ የሠራተኞቹም ደመወዝ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ለግብዓት የከፈለው ተቀንሶ የሚቀረውን ቫት ደግሞ፣ ገንዘቡ እጁ ባይገባም፣ በሚቀጥለው ወር ለገቢዎች መክፈል አለበት። ፋብሪካው በበኩሉ «ቼኩ ፊርማ ላይ ነው» እያለ ከቀጠሮው 90 ቀን ያሳልፋል። ይህ ያለ ወለድና ያለ መያዣ የተወሰደ ብድር ነው፤ አበዳሪው ደግሞ ከሁለቱ አቅም የሌለው ወገን ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገንዘብ ለመክፈል የዘገየ ባለዕዳ በዓመት 9 በመቶ ወለድ እንዲከፍል ያዛል። በምሳሌያችን ስናሰላው ግን የሦስት ወሩ ወለድ 13,000 ብር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ብሎ ትልቅ ደንበኛውን ፍርድ ቤት የሚያቆም አቅራቢ ከየት ይመጣል? የአውሮፓ ኅብረት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ በድርጅቶች መካከል የሚደረግ ክፍያ፣ በግልጽ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ከ60 ቀን እንዳያልፍ ደንግጓል፤ ለዘገየው ክፍያ የሚታሰበውም ወለድ ከማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ቢያንስ በ8 ነጥብ ይበልጣል። እኛም እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ድንጋጌ ያስፈልገናል።

ገዢዎችም የራሳቸው ችግር አለባቸው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ ወዲህ፣ ገደቡ በኋላ ቢላላም፣ ብድር ማግኘት ቀላል አልነበረም። ይህ ግን ጫናውን በአቅራቢው ላይ ለማራገፍ ምክንያት አይሆንም። ደግሞም ኪሳራው ተመልሶ ወደ ገዢው ይመጣል፦ ልምድ ያለው አቅራቢ የሚጠብቅበትን ጊዜ አስልቶ በሚቀጥለው ፕሮፎርማ ላይ ይጨምረዋል፤ መጨመር ያልቻለው ካርቶኑን ያሳሳል።

አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተሰብሳቢ ሂሳብን ለባንክ ብድር ማስያዝ ፈቅዷል። ባንክ ግን የሚያምነው ገዢው መቼ እንደሚከፍል በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ነው። ስለዚህ የግዥ ኃላፊዎች፣ በግዥ ትዕዛዙ ላይ ከዋጋው ጎን የክፍያውን ቀን ጻፉ፤ የመጋዘን መረከቢያውም በዕለቱ ፋይናንስ ክፍል ይድረስ።