የመሥሪያ ቤት ሰነድ በሠራተኛው ስልክ

የውል ሰነድ ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ በስልክ ይነሣል፣ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየራል፣ በቴሌግራም ይላካል። ስልኩ ግን የሠራተኛው የግል ንብረት ነው፤ የልጆች ጌም አለበት፣ ከጓደኛ የመጣ መተግበሪያም ተጭኖበታል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሰው ለሥራዬ ይጠቅመኛል ብሎ ያመነው መተግበሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች ካምስካነር በተባለው የሰነድ መቃኛ የአንድሮይድ ቅጂ ውስጥ ሌላ ጎጂ ፕሮግራም የሚያስገባ ኮድ አገኙ። መተግበሪያው ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዶ ነበር። ኮዱ ተሸሽጎ የገባው ማስታወቂያ ለማሳየት በተጨመረ ክፍል ነው።

የአይሪኮርደር ታሪክ ከዚህም ይረቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጎግል ፕሌይ ላይ ሲወጣ ንጹሕ የስክሪን መቅረጫ ነበር፤ ጎጂው ኮድ የመጣው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በማሻሻያ ነው። ሌላው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ኢሴት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ሲያደርገው ከ50 ሺህ ጊዜ በላይ ወርዶ ነበር። በየ15 ደቂቃው የአንድ ደቂቃ ድምፅ ቀድቶ የመላክ፣ ሰነዶችንም የመውሰድ አቅም ነበረው። መቅረጫ ማይክሮፎን ቢጠይቅ ማን ይጠረጥራል? ፈቃዱን ከወራት በፊት የሰጠው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ሌላው በር ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ የተሠራው የተደራሽነት አገልግሎት ነው። ይህን ፈቃድ ያገኘ መተግበሪያ በስክሪኑ ላይ ያለውን ያነባል፣ በባለቤቱ ፋንታም ይነካል። አናትሳ የተባለው የባንክ ሌባ ፕሮግራም ፒዲኤፍ ማንበቢያ መስሎ ገብቶ የተጠቀመው በዚህ ፈቃድ ነው። መልእክት በጉዞ ላይ ቢመሰጠርም ተከፍቶ ሲነበብ ለዚህ ዓይን ግልጽ ነው። በአገራችን ደግሞ የመተግበሪያ መጫኛ (ኤፒኬ) ፋይል በቴሌግራምና ዜንደር በተባለው ፋይል ማጋሪያ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዘዋወር፣ የመደብሩ ፍተሻ ጭራሽ ይታለፋል።

መከላከያ ግን አለ፤ አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሥራ መተግበሪያዎችን ከግሉ የሚለይ የሥራ ክፍል አለው። አሠሪው ያንን ብቻ ያስተዳድራል፣ ሠራተኛው ሲለቅም ያንን ብቻ ያጠፋል፤ የቤተሰብ ፎቶውን አያይም። ስልኩ ከሥሩ ከተጠለፈ ግን ይህም ግድግዳ አይበቃም። የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ስለዚህ የደንበኛን መታወቂያ በግል ስልኩ እንዲያነሣ ሠራተኛውን የሚያዝ መሥሪያ ቤት የሥራ ክፍሉን ወይም የሥራ ስልኩን አብሮ መስጠት አለበት።