ቁልፍ ይዞ ባሕር መግባት

የዋና ልብስ ኪስ የለውም፤ ቢኖረውም ለዛሬ መኪና ቁልፍ የሚበቃ አይደለም። ስለዚህ መኪናውን አቁሞ ወደ ውኃው የሚያመራ ሰው፣ ቴል አቪቭም ይሁን ሳንታ ሞኒካ፣ ዱባይም ይሁን ላንጋኖ፣ ልብሱን ካወለቀ በኋላ እጁ ላይ የቀረችውን ቁልፍ የት እንደሚያደርጋት መጨነቁ አይቀርም። አንዱ ፎጣ ውስጥ ይጠቀልላታል፤ ሌላው ጫማው ውስጥ ይከታታል፤ ሦስተኛው ግራ ቀኙን አይቶ የመኪናው ጎማ ላይ ያስቀምጣታል። ሌባም መጀመሪያ የሚፈትሸው እነዚህኑ ቦታዎች ነው።

ይህን ጭንቀት ከማንም በላይ የሚያውቁት በሰሌዳ ማዕበል የሚጋልቡት ሰርፈሮች ናቸው። ዋናተኛ ቀና እያለ ዕቃውን ሊቃኝ ይችላል። ሰርፈር ግን በደረቱ ሰሌዳው ላይ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ፣ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ወዲያ ማዶ ይሻገራል፤ እዚያም ፊቱን ወደ ጥልቁ አዙሮ የሚመጣውን ማዕበል ሲጠብቅ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆያል። መኪናው በጀርባው ነው። ፓርኪንግ ውስጥ የሚያደባ ሌባ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቁልፉ የተደበቀበትን ቦታ ካየ መስታወት መስበር አያሻውም፤ አላርምም አይጮህበትም።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ዶሪያን ፓስኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1956 ሰሌዳዎቹን ይዞ ቴል አቪቭ ደርሶ ሰርፊንግን ለእስራኤል ሲያስተዋውቅ፣ የመኪና ቁልፍ ጥርስ የወጣለት ብረት እንጂ ሌላ አልነበረም። በክር አስሮ ይዞት መግባት ይቻላል፤ ጨው ቢነካውም በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ዛሬ የአሽዶድ፣ የአሽቀሎንና የኔታንያ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች እዚያው ሜዲትራኒያን ዳር ይዘውት የሚመጡት ቁልፍ ግን ሬዲዮ ነው።

ለውጡን ያመጣው የመኪና ስርቆት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1998፣ አውስትራሊያ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲገጠምላቸው በሕግ አስገደዱ። ኢሞቢላይዘር የብረቱን ጥርስ አያምንም፤ በቁልፉ እጀታ ውስጥ የተቀበረውን ቺፕ አንብቦ ካላወቀው ሞተሩ እንዲነሳ አይፈቅድም። በዚህ የተነሳ ዛሬ ቁልፍ የምንለው ዕቃ በአንድ ቅርፊት የታሸጉ ሦስት ነገሮች ሆኗል።

አንደኛው በር የሚከፍተው ብረት ነው፤ በር ሳይነኩት በሚከፍተው ስማርት ቁልፍ እንኳ ብዙውን ጊዜ በጎን ተሸጉጦ ይገኛል። ሁለተኛው ቺፑ ነው። ባትሪ የለውም፤ ሞተር ማስነሻው አካባቢ ከተጠመጠመ ሽቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ125 ኪሎኸርትዝ ሞገድ፣ ኃይል ይቀበልና ከጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ማንነቱን ይናገራል። ሦስተኛው ሬዲዮው ነው፤ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ይዞ በአሜሪካ በብዛት በ315፣ በአውሮፓ በ433.92 ሜጋኸርትዝ ከመኪናው ጋር ያወራል። ከሦስቱ ባሕርን አጥብቆ መፍራት ያለበት ይህ ሬዲዮ ነው። ስለዚህ ቁልፍን እንደ አንድ ዕቃ ማየት ትተን እንለያየው። ውኃ የማይጎዳው ክፍል ከእኛ ጋር ይግባ፤ ውኃ የሚጎዳው ደርቆና ድምፁ ታፍኖ መኪናው ውስጥ ይቅር።

የውቅያኖስ ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ሜዲትራኒያን ትንሽ ይበልጣል፤ ሙት ባሕር ደግሞ ወደ አስር እጥፍ ይጠጋል። ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክ አሳምሮ ያስተላልፋል። ባትሪው በቦታው እንዳለ ውኃ ከገባ፣ ኃይሉ ሊሻገር በማይገባው መንገድ ሁሉ ይሻገርና ቀጫጭኖቹን የመዳብ መስመሮች ይበላቸዋል። ቁልፉ በዚያው ዕለት ላይሞት ይችላል። ባለቤቱን ቤቱ ድረስ አድርሶ፣ ጨው ውስጥ ለውስጥ ሥራውን ከሠራ በኋላ፣ ከቀናት በኋላ ዝም ይላል። ስለዚህ ቁልፍ ባሕር ከገባ መጫኛዎቹን ሳይነካኩ ቶሎ ከፍቶ ባትሪውን ማውጣት ነው። ከዚያ ጨውን በንጹሕ ውኃ፣ ቢገኝ ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውኃ ማጠብ፤ ለጥቂት ጊዜ ጠንካራ አልኮል ውስጥ ነክሮ ማውጣትና በሚገባ ማድረቅ፤ በመጨረሻም አዲስ ባትሪ ማስገባት ያስፈልጋል። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጨውን አያወጣም። ሬዲዮው ቢሞትም ቺፑ ብዙ ጊዜ በብርጭቆ ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገ ስለሆነ ይተርፋል፤ በሩን በብረቱ ከፍቶ የሞተውን ቁልፍ ማስነሻው ላይ ቢያስጠጉት ብዙ መኪኖች ይነሳሉ።

በሰርፈሮች ፓርኪንግ በብዛት የሚታየው መሣሪያ የቁልፍ ሳጥን ነው። መልኩ እንደ ትልቅ ጓጉንቸር ነው፤ ከላይ በጎማ የተሸፈነ ብረት ማንጠልጠያ፣ ከታች ቁልፍ የሚውጥ ሆድ፣ ፊቱ ላይ የሚዞሩ ቁጥሮች አሉት። የመኪናው ተጎታች ማያያዣ ላይ ወይም ከሥሩ ጠንካራ ብረት ላይ ይንጠለጠላል። አራት አሃዝ ያለው 10,000 ዓይነት ጥምረት ይሰጣል፤ ሌባ ግን ቁጥር ሲሞክር አይውልም፣ መፈልቀቂያ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወፍራም ብረት ያለው ተመርጦ መፈልቀቂያ በማይደርስበት ጥግ ቢታሰር ይሻላል። ጎማ ላይ ማንጠልጠልን አልወደውም፤ ረስተው ቢነዱ ሳጥኑም ጎማውም ይጎዳል። ጨውና አሸዋ ቁጥሮቹን ስለሚያደርቃቸው ሳጥኑንም ማጠብ አይረሳ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ስማርት ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ነው። የበሩ እጀታ ሲነካ መኪናው «እዚህ ነህ ወይ?» ብሎ ይጠራል፤ በአንድ ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ ቁልፍ ደግሞ «አለሁ» ይላል። ሳጥኑ እጀታው ላይ ከተንጠለጠለ በሩ ለማንም መንገደኛ ይከፈታል፤ በቁጥር የተቆለፈው ሳጥን ምንም አልፈየደም። ቁልፉን መኪናው ውስጥ መተው ሲሞከርም ብዙ መኪኖች አንቆለፍም ይላሉ።

መፍትሔው ሬዲዮውን ማፈን ነው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1836 ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ነገር የተከበበ ቦታ ከውጭ ካለው የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚጠበቅ በሙከራ አሳይቷል። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጡ ከረጢቶች አሉ፤ ከማድ ቤት የሚወጣ አሉሚኒየም ፎይልም ደረብረብ ተደርጎ ክፍተት ሳይኖረው ከተጠቀለለ ብዙ ጊዜ ይሠራል። በደፈናው ማመን ግን አይገባም። ቁልፉን ጠቅልሎ በሩ አጠገብ ይዞ እጀታውን መሳብ ነው፤ ከተከፈተ አልታፈነም። የቶዮታ ስማርት ቁልፍ ያላቸው ደግሞ በብዙዎቹ ላይ የመቆለፊያውን መጫኛ ተጭነው ሳይለቁ የመክፈቻውን ሁለት ጊዜ ቢጫኑ፣ መብራቷ አራት ጊዜ ብልጭ ትልና ቁልፉ ይተኛል። አንዱን መጫኛ እስኪነኩት ድረስ ለመኪናው ጥሪ መልስ አይሰጥም። ይህን አብዛኛው የቶዮታ ባለቤት አያውቀውም፤ ማወቅ ግን ይገባው ነበር።

ሬዲዮው ከታፈነ መኪናው ውስጥ ከዓይን ተሰውሮ ይቀመጣል፤ በሩ በብረቱ ይቆለፋል፤ ብረቱ ብቻ ባሕር ይገባል። ጥቁሩ የሰርፈሮች የጎማ ልብስ ብዙ ጊዜ ለዚህ የተሰፋች ትንሽ ኪስ፣ በውስጧም ክር አለው። ክሩን በቁልፉ ቀዳዳ አሳልፎ ሳያስሩ ኪሷን ብቻ ማመን አይበቃም፤ ማዕበል ኪስ ይገለብጣል። አንገት ላይ ማንጠልጠልን አልመክርም፤ የሚያገላብጥ ውኃ ውስጥ ገመድ አንገት ላይ መኖር የለበትም። ስማርት ቁልፍ የሌለው አሮጌ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ቺፕ የሌለበት ተራ ቅጂ ያስቀርጽ፤ በር ይከፍታል፣ ሞተር አያስነሳም፣ ቢጠፋም ጉዳቱ ትንሽ ነው። አንዳንድ መኪና በብረት ሲከፈት አላርሙ ሊጮህ ስለሚችል አስቀድሞ መሞከር ነው።

አምራቾቹም አስበውበታል። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በር ላይ የሚጫኑ ቁጥሮችን ገጥሟል፤ እስከ ዛሬም ለባሕር ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ጃጓር እ.ኤ.አ. በ2016 ከኤፍ ፔስ መኪናው ጋር ውኃ የማያስገባ የእጅ አምባር አቀረበ። አምባሩ ከኋላ ስሙ ላይ ካለው የጄ ፊደል ሲጠጋ መኪናውን ይቆልፋል፣ ውስጥ የቀረውንም ቁልፍ ከሥራ ውጪ ያደርጋል። ስልክና የእጅ ሰዓትም ለአንዳንድ መኪኖች ቁልፍ ሆነዋል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ በብዛት ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል ባትሪ በሌለው ስስ ካርድ የሚከፈቱ አሉ፤ የገዛ ሰው ካርዱ አብሮ መምጣቱን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ሬዲዮውን ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይዞ መግባትም ይቻላል፤ እኔ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው የማደርገው። ከረጢቱ ቁልፍ ከማየቱ በፊት ውስጡ ሶፍት ተደርጎ ባልዲ ውኃ ውስጥ ይደር፤ ሶፍቱ ከረጠበ ይጣል። ላንጋኖ በቡድን የሚሄድ ሰው ደግሞ ውኃ የማይገባ፣ ዳር ተቀምጦ ዕቃ የሚጠብቅ ዘመድ አያጣም፤ ያ ዘመድ ከየትኛውም ሳጥን ይበልጣል።

የቤት ቁልፍና የመኪና ቁልፍ በአንድ ቀለበት ታስረው፣ ሊብሬው መኪናው ውስጥ ከተቀመጠ፣ ሌባው የቤቱን አድራሻና መክፈቻውን በአንድ ላይ ያገኛል ማለት ነው። ባሕር ሲኬድ የቤቱ ቁልፍ ከቀለበቱ ወጥቶ ለብቻው ይያዝ።

ስማርት ቁልፍ ያላችሁ ሁሉ፣ ባሕርም ሐይቅም ሳትሄዱ ዛሬውኑ ከጎኑ ያለችውን መልቀቂያ ገፋ አድርጋችሁ ብረቱን አውጡት፤ በሾፌሩ በር ላይም ሞክሩት። አንዳንድ መኪና ላይ ቀዳዳው በእጀታው ሽፋን ሥር ተደብቆ ይገኛል፤ ለዓመታት ያልተነካ ማስገቢያም በአቧራ ደርቆ እንቢ ሊል ይችላል። ይህን ደጃፋችሁ ላይ ሆናችሁ ብታውቁት ይሻላል።