«ቪዛ ወጥቶልሃል»፦ በካርቲየ 6 ስለ ሾፌር ቪዛ የሚወራውና እውነቱ

ካርቲየ 6 በቁጥር ከሚጠሩት የጅቡቲ ከተማ የድሮ ሰፈሮች አንዱ ነው። ወደብ ላይ ጭነት እስኪደርሰው ወይም ወረቀቱ እስኪያልቅ የሚጠብቅ የኢትዮጵያ ሾፌር ከአገሩ ሰው ጋር ሻይ ሲጠጣ፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ቪዛ ላይ ያርፋል። እገሌ ፖላንድ ገባ፣ ካናዳ ሾፌር ይፈልጋል፣ አንድ ደላላ የሳውዲ ወረቀት ይዟል ይባላል። በ1990ው (እ.ኤ.አ. 1998) የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ሲዘጋ፣ ከአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ጅቡቲ ዞረ። የአብዛኛው ሸክም በጋላፊ ድንበር በሚያልፈው መንገድ ላይ በሚመላለሱ ሾፌሮች ትከሻ ላይ ወደቀ። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የተሻለ ደመወዝ ቢመኝ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። በዚያ ሙቀት ያጠራቀመውን ገንዘብ ግን በወሬ ሲበላ ማየት ያማል። ስለዚህ ወሬዎቹን አንድ በአንድ ማንሳት ያስፈልጋል።

«ጅቡቲን ለዓመታት ተመላልሼባታለሁ፤ እዚሁ መቀጠር እችላለሁ»

መመላለስና መቀጠር በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጭነት ሊያነሳ የገባ ሾፌር አሠሪው ያለው ኢትዮጵያ ነው፤ ደመወዙም የሚከፈለው እዚያው ነው። ጅቡቲ የገባው ለመኪናውና ለጭነቱ ሲባል ነው። በጅቡቲ ኩባንያ ለመቀጠር የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩም አኔፊፕ በሚባለው የአገሪቱ የሥራና የሥልጠና ኤጀንሲ በኩል ያልፋል፤ ማመልከት ያለበትም ቀጣሪው ነው። የመኖሪያ ወረቀት ደግሞ ለብቻው የሚጠየቅ ነው። አሥር ዓመት መመላለስ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም።

ከመኪናው ጋር የሚያዘውን የኮሜሳ ቢጫ ካርድም እንደ ፈቃድ የሚቆጥር አይጠፋም። ካርዱ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተገባ የመድን ዋስትና ነው፤ ለሾፌሩ የመሥራት መብት አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2025 የጅቡቲ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ዜጎች እስከ ሜይ 2 ድረስ እንዲወጡ ቀነ ገደብ አስቀምጦ ነበር። መኪናውን ለሌላ አስረክቦ ከተማ ውስጥ የቀረ ሰው በእንዲህ ዓይነት ቀን «ሾፌር ነኝ» ቢልም የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።

«ደላላው ቪዛውን አውጥቶልኛል፤ የቀረው ክፍያ ብቻ ነው»

ብዙ ቤት ያራቆተው ይህ ወሬ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። የሥራ ቪዛ የሚጀምረው ከአሠሪ ነው። ሥራውን የሚሰጠው ድርጅት ለአገሩ መንግሥት ያመለክታል፤ ሲፈቀድለት ሠራተኛው በዚያ ፈቃድ ቪዛ ይጠይቃል።

ካናዳን እንይ። አሠሪው ኤልኤምአይኤ የሚባለውን ማረጋገጫ ለማግኘት ለእያንዳንዱ የሥራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ለመንግሥት ይከፍላል፤ ይህን ገንዘብ ከሠራተኛው መልሶ መቀበል በሕግ ተከልክሏል። «ኤልኤምአይኤ በዚህን ያህል እሸጥልሃለሁ» የሚል ሰው እንግዲህ የሚሸጠው ወይ ሐሰተኛ ወረቀት ነው፤ ወይም ሲደረስበት ቪዛውን የሚያሰርዝ እውነተኛ ወረቀት ነው። በፖላንድም የሥራ ፈቃዱን የሚጠይቀው አሠሪው ሲሆን የሚሰጠው የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ነው። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከኅብረቱ ውጭ የመጣ ሾፌር በአባል አገሮች መካከል ጭነት ሲያመላልስ የሾፌር ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያዛል። እሱንም አመልክቶ የሚያወጣው የትራንስፖርት ድርጅቱ ነው። ካርቲየ 6 ተቀምጦ ይህን ሁሉ በእጄ ይዣለሁ የሚል ሰው በየትኛው አሠሪ ስም እንደያዘው መጠየቅ አለበት፤ የድርጅቱን ስም ለመናገር የሚያንገራግር ከሆነ ነገሩ እዚያው ላይ ማብቃት አለበት።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ለሁለት ይከፍለዋል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ዋስትና በአሠሪው ላይ ናቸው። ሠራተኛው የሚሸፍነው ፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውን፣ ክትባቱን፣ የልደት የምስክር ወረቀቱንና ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የመሰሉትን ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም የግል ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። እንግዲህ «የቪዛ» ተብሎ በመቶ ሺዎች ብር ሲጠየቅ ሾፌሩ የሚከፍለው የአሠሪውን ዕዳ ነው፤ አሠሪ ካለ ማለት ነው። ከዚህ አልፎ ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በወንጀል ያስጠይቃል።

«ደረቅ 3 መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ኢንተርናሽናል ካወጣሁ የትም እነዳለሁ»

ኢንተርናሽናል የሚባለው ፈቃድ የአገር ቤቱን መንጃ ፈቃድ ለውጭ ፖሊስ በሚገባ ቋንቋ የሚያሳይ አጋዥ ሰነድ ነው። ለብቻው አይቆምም፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫም አይሆንም። በአውሮፓ ኅብረት ከባድ መኪና ለኪራይ የሚነዳ ሰው ከመንጃ ፈቃዱ በላይ «ኮድ 95» የሚባለውን የሙያ ብቃት ይጠየቃል። ሥልጠናው በመደበኛው መንገድ 280 ሰዓት፣ በአጭሩ 140 ሰዓት ነው፤ በየአምስት ዓመቱም የ35 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና አለው። በካናዳ ኦንታሪዮ ከ2017 ወዲህ የተሳቢ መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 103.5 ሰዓት መሠልጠን ግዴታ ሆኗል። የመጀመሪያው ብቃትም ሆነ መንጃ ፈቃዱ ፈተና ማለፍን ይጠይቃል።

ተሳቢ ጭኖ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የተራራውን ዳገት የሚወጣ ሰው መንዳት አያውቅም ለማለት አይደለም። ችሎታው አለው። አውሮፓ የሚጠይቀው ግን ችሎታው በወረቀት እንዲታይ ነው፤ የመንዳት ልማዱም ይለወጣል። እዚያ በቀን 9 ሰዓት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢበዛ 10 ሰዓት ይነዳል፤ ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታ ነው፤ ሁሉንም ታኮግራፍ የሚባለው መሣሪያ ይመዘግባል። ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ መግባት የሚያኮራበት ቦታ አይደለም፤ ያስቀጣል።

አውሮፓ መግባት ደግሞ ደመወዝ ማግኘት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በጀርመን ግሬፈንሃውዘን በሚባል የመኪና ማረፊያ የጆርጂያና የኡዝቤኪስታንን ጨምሮ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሾፌሮች፣ ለአንድ የፖላንድ ድርጅት እየሠሩ ደመወዛቸው ስላልተከፈላቸው መኪናቸውን አቁመው ለሳምንታት አድመዋል። ውል በሚገባ ቋንቋ ተጽፎ መያዝ ለክርክር የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

«አሜሪካና እንግሊዝ ሾፌር አጥተው እየለመኑ ነው»

የሾፌር እጥረት መኖሩ በር ተከፍቷል ማለት አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ወደ 5,000 የሚጠጋ ቪዛ ስታዘጋጅ ለጥቂት ወራት የሚያገለግል ጊዜያዊ ነበር፤ ጊዜው አልቋል። በአሜሪካ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ኦገስት 21 ቀን 2025 ለንግድ ከባድ መኪና ሾፌሮች የሥራ ቪዛ መስጠት መቆሙን አስታውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ትራክ ሲነዱ በቪዲዮ የምናያቸው ብዙ ወገኖቻችን በዲቪ፣ በቤተሰብ ወይም በጥገኝነት ገብተው መንጃ ፈቃዱን ያወጡት እዚያው ነው። የእነሱን ቪዲዮ እያሳየ «በሾፌር ቪዛ እልክሃለሁ» የሚል ደላላ የሰውን ታሪክ ቆርጦ እየሸጠ ነው።

«ሳውዲ ቅርብ ነው፤ ሾፌር ሾፌር ነው»

በሳውዲ ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ላይ የተጻፈው ሙያ ወሳኝ ነው። «ሳኢቅ ኻስ» ማለት የቤት ሾፌር ነው፤ በዚህ ቪዛ የገባ ሰው ተሳቢ ቢነዳ፣ ወይም ከአሠሪው ውጭ ለሌላ ቢሠራ፣ ሕግ ጥሷል። ሳውዲ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሠራተኞች አሠሪ መቀየር እንዲቀልላቸው ያወጣችው ማሻሻያ የቤት ሾፌሮችን አላካተተም፤ የአገሪቱ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ስለዚህ «መጀመሪያ በዚህ ግባ፣ እዚያ ትቀይራለህ» የሚለው ምክር ሰውን ከአንድ ቤት ጋር ያስረዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ሳውዲ ለመግባት በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን የሚወስደው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በየመንና በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ አራት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ180 በላይ ሰዎች የደረሱበት እንደጠፋ የዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት አስታውቋል። በዚያ መንገድ የሥራ ቪዛ የሚባል ነገር የለም። «የመን ስትደርስ ይሰጥሃል» የሚባለው ፈጽሞ ሐሰት ነው።

በሕጋዊ መንገድ ውጭ ለመሥራት ያሰበ ሾፌር ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ጅቡቲ ከሆነ ከኢትዮጵያ ኤምባሲ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን በእጁ ሊይዘው የሚገባ፣ ብዙ ሾፌሮች ሳይጠይቁ የሚቀሩት አንድ ወረቀት አለ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የሚከፈለውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ተሳቢ እንደነዳ፣ በየትኛው መስመር ስንት ዓመት እንደሠራ በዝርዝር እንዲጻፍለት መጠየቅ ይችላል። የመኪናው ባለቤት «ምን ሊያደርግልህ ነው?» ቢለው እንኳ ወረቀቱን መስጠት ግዴታው ነው።