የሦስት ወሩ መርፌ ምን ያህል ይከላከላል?

በቤተሰብ ምጣኔ ክፍላችን በር ላይ ተሰልፈው ከሚጠብቁት እናቶች መካከል አንዷ ሁልጊዜ የምታነሳው ጥያቄ አለ። «ሲስተር፣ ይህ መርፌ በእርግጥ ይከላከላል? ጎረቤቴ እየተወጋች አረገዘች እኮ!» ትለኛለች። ይህን ጊዜ ሌሎቹም ወሬያቸውን አቁመው መልሴን ያዳምጣሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው ሰውነቱ ውስጥ የሚገባውን መድኃኒት ምን ያህል እንደሚጠቅመው የማወቅ መብት አለው። በሰልፍ መካከል ግን ረጋ ብሎ ለማስረዳት ጊዜ ስለማይበቃ በዚህ እትም ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልዎ ወደድኩ።

በተለምዶ «ዲፖ» የምንለው መርፌ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ነው። መጠኑ 150 ሚሊግራም ሲሆን በክንድ ወይም በመቀመጫ ጡንቻ ላይ በየ13 ሳምንቱ ይሰጣል። ዋና ሥራው በየወሩ ከሴቷ የዘር ማፍሪያ የሚወጣው እንቁላል እንዳይወጣ ማድረግ ነው። በተጨማሪም በማህፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ ስለሚያወፍረው የወንዱ ዘር በቀላሉ አያልፍም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። የማንኛውም የወሊድ መከላከያ ብቃት የሚገለጸው 100 ሴቶች ለአንድ ዓመት ሲጠቀሙበት ስንቶቹ እንደሚያረግዙ በመቁጠር ነው። ምንም መከላከያ ሳይጠቀሙ ከባል ጋር የሚኖሩ 100 ሴቶች ቢኖሩ በዓመቱ ውስጥ 85 ያህሉ ያረግዛሉ። ዲፖን ያለ ምንም መዘግየት፣ በትክክለኛው ቀን ከሚወጉት ውስጥ የሚያረግዙት ከ1,000 ሴቶች 2 ብቻ ናቸው። በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ፣ አንዳንዴ ረስተው፣ አንዳንዴም ዘግይተው ከሚጠቀሙት ግን በዓመት ከ100 ሴቶች 4 ያህሉ ያረግዛሉ። ስለዚህ የአንድ መድኃኒት ብቃት ሁለት ቁጥር አለው ማለት ነው። አንደኛው መድኃኒቱ በራሱ የሚችለው ሲሆን ሁለተኛው መድኃኒቱ፣ ተጠቃሚዋና ጤና ጣቢያው ተባብረው የሚያስገኙት ነው።

በየቀኑ የሚዋጠውን እንክብል ብንወስድ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በትክክል ከተወሰደ የሚያረግዙት ከ1,000 ሴቶች 3 ሲሆኑ በተለመደው አወሳሰድ ግን ከ100 ሴቶች 7 ይሆናሉ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ደግሞ አንዴ ከገባ በኋላ ከተጠቃሚዋ የሚጠበቅ ሥራ ስለሌለ ሁለቱም ቁጥሮች አንድ ናቸው፤ ከ1,000 ሴቶች 1 ያህል። ብዙ ሴቶች ክንዳቸው ላይ እብጠት እንዳይታይባቸው ሲሉ አይፈልጉትም። ፈቃዱ የእርስዎ ነው፤ ነገር ግን ቀን መቁጠር ለሚያስቸግራት ሴት ከሁሉ የሚሻለው እሱ እንደሆነ ሳልናገር አላልፍም።

ይህን የመሰለ ቆጠራ በፈረንጆች 1930ዎቹ ያስተዋወቀው ሬይመንድ ፐርል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነው። ያረገዙት ሴቶች ቁጥር በ1,200 ይባዛና ሴቶቹ ሁሉ መድኃኒቱን በተጠቀሙባቸው ወራት ድምር ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል 200 ሴቶች እያንዳንዳቸው 12 ወር ቢጠቀሙ ድምሩ 2,400 ወር ይሆናል። ከእነሱ 8 ሴቶች ቢያረግዙ መልሱ 4 ነው። የዚህ ስሌት ድክመት ጊዜን አለማየቱ ነው። የሚረሱትና የሚሰናከሉት ሴቶች በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት አርግዘው ከቆጠራው ይወጣሉ፤ ጥናቱ በረዘመ ቁጥር ጠንቃቆቹ ብቻ ስለሚቀሩ መድኃኒቱ ከዓመት ዓመት የተሻለ ይመስላል። በመሆኑም ዛሬ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት ለይተው ይቆጥራሉ። ከላይ የሰጠሁዎት ቁጥሮችም የመጀመሪያው ዓመት ናቸው። የተሰበሰቡት በአብዛኛው ከአሜሪካ ሴቶች ስለሆነ የእኛ ካምፕ ቁጥር ነው ብዬ አላታልልዎትም። የራሽን ቀንና የክሊኒክ ቀን በማይጋጩበት አገር የተቆጠረ ቁጥር ነው።

እንግዲህ ከ1,000 ሴቶች 2 የነበረው ከ100 ሴቶች 4 እንዲሆን የሚያደርገው ምንድን ነው? በሥራዬ ካየሁት ብነግርዎ ትልቁ ምክንያት ቀን ነው።

እዚህ ኬንያ የቀጠሮ ካርድ የሚጻፈው በፈረንጅ ቀን ነው። ኢትዮጵያዊት እናት ቤቷ የምትቆጥረው ግን በእኛ ቀን ነው፤ ጾሙንም፣ በዓሉንም፣ የልጇን ልደትም። ካርዱ ላይ 14/3 ተብሎ ይጻፋል። እሷም «ሦስተኛው ወር» ብላ ኅዳርን ልታስብ ትችላለች። የተማረ ሰው ስትጠይቅ ደግሞ «ማርች ማለት መጋቢት ነው» ይላታልና መጋቢት 14 ቀን ትመጣለች። ነገር ግን ማርች 14 ማለት መጋቢት 5 ነው። ሳታውቀው 9 ቀን ዘገየች ማለት ነው።

ይህ የፈጠራ ምሳሌ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በሌላ ክሊኒክ እያለሁ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ዲፖ የተጠቀመች እናት ልክ በዚህ ምክንያት 9 ቀን ዘግይታ መጣች። እኔም ካርዱን አይቼ «ቀንሽ አልፏል፤ የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» አልኳት። ሳልቆጣት፣ በትሕትና ነው ያልኳት፤ ስህተቴን ግን አያቀልልኝም። ዲፖን ለረጅም ጊዜ የተጠቀመች ሴት የወር አበባዋ ሊጠፋ ይችላል። መርፌው ካቆመ በኋላም ለወራት ላይመለስ ይችላል። እሷ የማይመጣውን ስትጠብቅ ከረመች። ከአምስት ወር በኋላ ስትመለስ የሁለት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር ነበረች። አራት ልጆች አሏት፤ ባሏም ሥራ ፍለጋ ወደ ናይሮቢ ሄዶ ይመላለስ ነበር። ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሰፈሩ የተወራው ግን «መርፌው አልሠራላትም» ተብሎ ነው። መርፌው እስከ ቀጠሮዋ ድረስ ሥራውን ሠርቷል። ያልሠራነው ካርዱና እኔ ነን።

ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነገር ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ዲፖ ከቀጠሮው ቀን በኋላ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ለዘገየች ሴት ያለ ምርመራና ያለ ተጨማሪ መከላከያ ሊሰጣት ይችላል። ከ4 ሳምንት በላይ ካለፋትም አትባረርም። እርጉዝ አለመሆኗ በጥያቄ ወይም በሽንት ምርመራ ተረጋግጦ ትወጋለች፤ ከዚያም ለ7 ቀን ኮንዶም ትጠቀማለች ወይም ከግንኙነት ትቆጠባለች። መንገድ የምትሄድ ከሆነም እስከ 2 ሳምንት ቀድማ መወጋት ትችላለች። ይህን የጻፍኩት ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ባልደረቦቼም ጭምር ነው። የወር አበባ ሳታይ የመጣችን ሴት ዝም ብሎ መመለስ አሁንም የሚያጋጥም ልማድ ነውና። ማንም ቢመልስዎ «የአራት ሳምንቱ ጊዜ አላለፈኝም» ብለው ይከራከሩ።

አንድ ቀላል ዘዴ ልንገርዎ። 13 ሳምንት ሙሉ ሳምንት ስለሆነ የሚመለሱት በተወጉበት የሳምንት ቀን ነው። ማክሰኞ ከተወጉ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ከተወጉ ሐሙስ ነው። ማክሰኞ በእኛም በፈረንጅም ማክሰኞ ነውና አይሳሳትም። በእኛ ወር መቁጠር ከፈለጉም ሦስት ወር 90 ቀን፣ 13 ሳምንት ደግሞ 91 ቀን ስለሆነ ልዩነቱ የአንድ ቀን ብቻ ነው። መስከረም 20 ቀን የተወጋች ታኅሣሥ 20 ቀን ብትመጣ ምንም አይደለም። ጳጉሜን መሃል ስትገባ ግን አምስት ወይም ስድስት ቀን ትጨምራለችና ያን ጊዜ ብቻ ቀነስ አድርገው ይቁጠሩ።

ጤና ባለሙያውም የራሱ ድርሻ አለው። የዲፖ ጠርሙስ ተቀምጣ ስትቆይ መድኃኒቱ ወደ ታች ይዘቅጣል። በደንብ ሳትነቀነቅ ከተቀዳች ሴቲቱ ሙሉውን መጠን ላታገኝ ትችላለች። ስለዚህ ነርሷ ጠርሙሷን ስትነቀንቅ ካላዩ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እኔን ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ከተወጉ በኋላም ቦታውን አይሹት፤ መድኃኒቱ ቶሎ እንዲሰራጭ ስለሚያደርግ የሚቆይበትን ጊዜ ሊያሳጥረው ይችላል።

ከመቶው ውስጥ የማይታዩ ሌሎች ሴቶችም አሉ፤ እነሱም መርፌውን ያቋረጡት ናቸው። በአሜሪካ በተደረገው ቆጠራ ከዓመት በኋላ ዲፖን የቀጠሉት ከ100 ሴቶች 56 ብቻ ነበሩ። ለምን እንደሚያቋርጡ እዚህም አየዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ያለ ጊዜው ጠብ ጠብ ይላል፣ ኋላ ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። አንድ ዓመት ከተጠቀሙት ግማሽ ያህሉ የወር አበባ አያዩም። «ደሙ ውስጤ ተጠራቅሞ ያሳብጠኛል» የሚል ፍርሃት በብዙ እናቶች ዘንድ አለ። ደሙ የትም አይጠራቀምም፤ መርፌው የማህፀኑን ግድግዳ ስለሚያሳሳው የሚፈስ ነገር አይኖርም። ክብደት መጨመር ግን በአንዳንዶች ላይ በእውነት ይደርሳል፤ «ሐሰት ነው» ብዬ አልከራከርዎም። የደም ግፊትዎ 160 በ100 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ መርፌው ለእርስዎ አይመከርም፤ ሌላ መከላከያ እንፈልጋለን።

ሌላው የሚያሳስባቸው «ስተወው እወልዳለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ይወልዳሉ፤ ግን ቶሎ ላይሆን ይችላል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ያህል ይወስዳል። በሚቀጥለው ዓመት ልጅ የምትፈልግ ሴት ይህን ቀድማ ብታውቅ ይሻላል። አንዳንዷ ግን ቶሎ ታረግዛለችና በዚህ መዘግየት ተማምኖ ቀጠሮ ማሳለፍ አይገባም።

የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለነርሷ ሳይነግሩ አይውጡ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የእንክብሉንና በክንድ የሚቀበረውን ኃይል ይቀንሳል፤ ኤፋቪሬንዝ የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒትም በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል። ዲፖን ግን ሁለቱም አይቀንሱትም። እዚህ ላይ መርፌው ከሌሎቹ ይበልጣል። መርፌው ራሱ ለኤች አይ ቪ ያጋልጣል የሚል ሥጋትም ለብዙ ዓመታት ነበር። በ2019 ውጤቱ የወጣው፣ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዛምቢያና በኤስዋቲኒ 7,829 ሴቶችን ያሳተፈው ጥናት ዲፖን ከሉፕና በክንድ ከሚቀበረው ጋር አወዳድሮ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ይሁን እንጂ ሦስቱም ከበሽታው አያድኑም፤ ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል።

በአሁኑ ጊዜ እኔ በምሠራበት ክፍል በየካርዱ ላይ ሁለቱንም ቀን፣ የእኛንም የፈረንጁንም፣ ከጎኑም የሳምንቱን ቀን እጽፋለሁ። ካርድዎ ላይ አንድ ቀን ብቻ ካለ ሲመጡ ያሳዩኝ፤ እጨምርልዎታለሁ። ካርድዎ ከጠፋ ወይም ዝናብ ካበላሸውም ቤት አይቅሩ። ስምዎና የተወጉበት ቀን በመዝገባችን ላይ አለ።