ብዙ ማየት ወይስ ቶሎ ማየት?

በአገራችን ጉልበት ሲያብጥ፣ ጣት ሲቆረጥም ሁሉም በአንድ ስም «ሪህ ነው» ወይም «ቁርጥማት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሐኪሞች ግን በሽታዎቹን ለያይተው ያዩዋቸዋል። ከነዚህም አንዱ ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው ነው። ይህ በሽታ ሽማግሌን ብቻ ሳይሆን ወጣቱንም ይይዛል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። የሰውነት መከላከያ ኀይል በስሕተት የገዛ አካሉን ስለሚወጋ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ያብጣል፤ እብጠቱም እየቆየ አጥንቱን ይበላል። የተበላ አጥንት ደግሞ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይመለስም። እንግዲህ ጉዳቱን ቀድሞ የሚያየው የትኛው መሣሪያ ነው ብሎ መጠየቅ፣ እጁን ለሥራው ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ተገቢ ነው።

በዕድሜ የሚቀድመው ራጅ ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጨረሩን ባገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚስቱን እጅ አጥንት በሥዕል አሳየ። ራጅ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ የዘንድሮውን ሥዕል ከአምናው ጋር ለማስተያየትም ይመቻል። ጉድለቱ አጥንትን እንጂ ያበጠውን ሽፋን አጥርቶ አለማሳየቱ ነው። ስለዚህ ራጁ ጉዳቱን የሚያሳየን ብዙ ጊዜ እሳቱ ቤቱን ከላሰው በኋላ ነው።

አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ በመሆኑ ጨረር የለውም። ያበጠውን ሽፋንና በውስጡ የበዛውን የደም ዝውውር ያሳያል። በ2000 ከእንግሊዝ አገር ከሊድስ የወጣ ጥናት በ100 በሽተኞች የጣት አንጓ ላይ ራጅ 32 የተበላ ስፍራ ሲያገኝ፣ አልትራሳውንድ 127 ማግኘቱን ገልጿል። ይሁን እንጂ ሞገዱ አጥንትን ዘልቆ አያልፍም፤ ውጤቱም በመርማሪው ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው።

በማግኔት ኀይል የሚሠራው ኤም አር አይ ደግሞ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን እብጠት ጭምር ያሳያል። ይህም እብጠት አጥንቱ ወደፊት ሊበላ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ምልክት ሲሆን ራጅም አልትራሳውንድም አያዩትም። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። ሲቲ ስካን የተበላውን አጥንት አጥርቶ በማሳየት የታወቀ ነው፤ ሆኖም ለሽፋኑ እብጠት ደካማ ነው፤ ጨረርም አለው።

እንዲህ ከሆነ በሽተኛው ሁሉ በየጊዜው በውዱ መሣሪያ ይታይ ያሰኛል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በኖርዌይ በአልትራሳውንድ፣ በዴንማርክም በኤም አር አይ የተመራ ሕክምና፣ ሐኪሙ መገጣጠሚያውን እየዳሰሰ መድኃኒቱን ከሚያስተካክልበት ጥብቅ ክትትል ጋር ተወዳድሮ ነበር። በ2016ና በ2019 የታተሙት እነዚህ ጥናቶች በዋናው መለኪያቸው የመሣሪያውን ብልጫ አላገኙም። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያው ሐኪሙ ሲጠራጠር የሚጠራው ምስክር እንጂ ዳኛ አለመሆኑን ነው።

እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ጣቱ ለረጅም ጊዜ አልታጠፍ የሚለው፣ አንጓውም ለሳምንታት አብጦ የቆየ ሰው «ያልፋል» እያለ አይጠብቅ። የራጁ ሥዕል ደኅና ነው ቢባልም በሽታው የለም ማለት አይደለምና ስሜቱን ለሐኪሙ ደግሞ ይንገር። ራጅ ብቻ ያለው ሆስፒታል እንኳ በጊዜ ለደረሰ ሰው ብዙ ሊረዳ ይችላል፤ እጅግ ለዘገየ ሰው ግን ውዱም መሣሪያ ቢሆን የተበላውን አጥንት አይመልስለትም።