ደሟ ያልቆመላት ሴት ሶላቷን ትተዋለችን?

ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ደሟ አላቋርጥ ብሏት ነበር። ንጹሕ የምትሆንበት ቀን ባለማግኘቷ ሶላትን ትተው እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቀች። እርሳቸውም ከለከሏት፤ ደሙ ከደም ሥር የሚወጣ እንጂ የወር አበባ አለመሆኑን አስረዷት። የወር አበባዋ ሲመጣ ሶላት እንድታቆም፣ ሲያልፍ ደሙን አጥባ እንድትሰግድ አዘዟት። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ይህ ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተመዝግቧል።

የፊቅህ ሊቃውንት የወር አበባን ሐይድ፣ ከልማድ ውጭ የሚፈሰውን ደም ደግሞ ኢስቲሓዷ ይሉታል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ሐይድ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፣ አትጾምም፤ ስትጠራ ጾሙን ቀዷ ታወጣለች፣ ሶላቱን ግን አትከፍልም። ኢስቲሓዷ ያለባት ሴት ግን ሶላትም ጾምም ግዴታዋ ነው። ሁለቱን ያምታታች ሴት ሳታውቀው የወራት ሶላት ያመልጣታል።

ጉዳዩ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። የእርግዝና መከላከያ መርፌ የተወጋች ወይም በክንዷ ያስቀበረች ሴት ለሳምንታት ደም ጠብ ጠብ ሊልባት ይችላል። ከአገሯ ርቃ በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች ደግሞ የምትጠይቀው ሰው ታጣለች፤ ብታገኝም ሐፍረት ይይዛታል። ዓኢሻ ግን የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐፍረት ሃይማኖታቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነበር።

መለያው ምንድን ነው? በሐነፊና በሐንበሊ መዝሀብ ቋሚ ልማድ ያላት ሴት ወደ ልማዷ ትመለሳለች፤ በየወሩ ስድስት ቀን ታይ ከነበረ ስድስቱ ሐይድ፣ ቀሪው ኢስቲሓዷ ይሆናል። በሻፊዒይ መዝሀብ የደሙን ቀለምና ውፍረት መለየት ለምትችል ሴት ይህ ይቀድማል። የሐይድ ረጅሙ ጊዜ በሐነፊ 10፣ በሻፊዒይና በሐንበሊ 15 ቀን ነው። ከወሎ የመጣችና ከሐረር የመጣች ሴት አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ የተለያየ ቁጥር ቢጠቅሱ እንግዲህ አንዷ ተሳስታለች ማለት አይደለም።

የአፈጻጸሙ ነገር ቀላል ነው። የሐይዷ ቀናት ሲያበቁ ገላዋን ትታጠባለች። ከዚያ በኋላ የሶላት ወቅት ሲገባ ደሙን አጥባ፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ አድርጋ ዉዱእ ታደርጋለች። በሻፊዒይ ለእያንዳንዱ ፈርድ ሶላት አዲስ ዉዱእ ያስፈልጋታል፤ በሐነፊ ወቅቱ እስኪወጣ አንዱ ይበቃታል። እየሰገደች ደሙ ቢፈስ ሶላቷ አይበላሽም። ከነቢዩ ባለቤቶች አንዷ ኢስቲሓዷ ላይ ሳሉ ከእርሳቸው ጋር በመስጊድ ኢዕቲካፍ መግባታቸው፣ ሲሰግዱም ሥራቸው ሳህን ይቀመጥ እንደነበር ተዘግቧል። ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ሕመምተኛም በዚሁ ብይን ይታያል።

ደሙ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ፈትዋ ለሚሰጠው ዓሊም ሥራውን ያቀልለታል። ከልማድ ውጭ የሆነ ደም የበሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪምም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ቀን ነው።