ዋጋው ስንት ነው?

ገና ከመጀመሪያው አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በቅርቡ ለራሳችሁ የገዛችሁት ልብስ ወይም ጫማ ስንት ነበር? ለትዳር ጓደኛችሁስ ስንት ነው አላችሁ? ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ደስ ይበላችሁ። ካልሆኑ ግን ይህ ጽሑፍ ለእናንተም ለእኔም ነው።

ከዓመታት በፊት ደምበል ሄጄ ሸሚዝ ገዛሁ። ዋጋው 900 ብር ነበር። ለባለቤቴ ግን “500 ነው” አልኳት። እሷ በዚያው ዕለት ለቤታችን አንሶላ ልትገዛ መርካቶ ወርዳ፣ ከሱቅ ሱቅ ዞራ፣ “ቀንሱልኝ” ስትል ውላ፣ 150 ብር አስቀንሳ ተመልሳ ነበር። ደስታዋ ከፊቷ ይነበብ ነበር። በሳምንቱ ልብስ ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ ደረሰኙን አገኘችው። አልጮኸችም። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ “እኔ ለ150 ብር ግማሽ ቀን ቆሜ ዋልኩ” አለችኝ። ከሸሚዙ ዋጋ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይህ አነጋገሯ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ገንዘብ አወጣጣችን እንደምንገዛበት ቦታ ይለዋወጣል። እስቲ አብረን እንዘዋወር።

የተለጠፈ ዋጋ

ደምበል ሲቲ ሴንተር ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና ላይ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራ ሲጀምር ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር ነበር። ልብሱ፣ ጫማው፣ ካፌው፣ ቢሮው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተገኘ። ሳይገዙ መዘዋወርም እንደ መዝናኛ ተቆጠረ። ዛሬ እንዲህ ያሉ የገበያ ማዕከላት በከተማዋ በርክተዋል።

በእንዲህ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ ዋጋው ተለጥፎ ይጠብቀናል። የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የተመዘገበ ነጋዴ ደረሰኝ መስጠት ይጠበቅበታል። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ራሳችንን እንመርምር። እዚያም ቢሆን “ትንሽ አይቀነስም?” ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ግን አንጠይቅም፤ እናፍራለን። ሻጩ እንደሌለን እንዳይቆጥረን ስንል የሌለንን እንከፍላለን። ቤት ስንደርስ ደግሞ ዋጋውን እንቀንሳለን!

የሚነገር ዋጋ

መርካቶ ግን ሌላ ዓለም ነው። ስሙ ራሱ በጣልያንኛ “ገበያ” ማለት ነው። በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የቆየው የጣልያን አስተዳደር፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የሕዝቡን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ሕዝቡም ተራ በተራ ሞላው፤ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ሚስማር ተራ እያለ ሰየመው። እዚህ ዋጋ አይለጠፍም፤ ይነገራል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይነገራል። ይህ መጣላት አይደለም። ሻጩም ገዢውም እኩል ይነጋገራሉ፤ ካልተስማሙ በሰላም ይለያያሉ።

ይሁን እንጂ በዚህም ወጥመድ አለ። መጽሐፈ ምሳሌ 20፥14 ላይ ያለው ገዢ በሻጩ ፊት ዕቃውን ያጣጥላል፤ ዘወር ሲል ደግሞ ይኩራራል። ዕቃው ጥሩ እንደሆነ እያወቅን “አይረባም” ማለት ድርድር አይደለም፤ ውሸት ነው።

የመንገድ ዳር ዋጋ

ከሁሉ ይበልጥ የምንበረታው ግን በማን ላይ እንደሆነ አስተውላችኋል? በጉልት ሻጯ ላይ ነው። ቲማቲሟን በመደብ በመደብ አድርጋ ሸራ ላይ የዘረጋችው እናት! ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። በመሀል ከተማ ለምትሸጥ ሴት ይህ ተጨማሪ የመጓጓዣ ወጪ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት አብዛኛው የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ሲፈርስ፣ በዚያ ለነዋሪው ይሸጡ የነበሩትም ከደንበኞቻቸው ተለያይተዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ኑሮው የከበደው በእኛ ብቻ አይደለም፤ በእሷም ላይ ነው። ታዲያ በመስታወት ቤት 400 ብር ዝም ብለን ጨምረን፣ እዚህ ለአምስት ብር ብንከራከር ምን ይባላል?

የቤት ውስጥ ዋጋ

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ዋናው ድርድር መካሄድ ያለበት ከቤት ሳትወጡ ነው። እኛን የጠቀሙንን ሦስት ነገሮች ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ አንዳችሁ ለብቻችሁ ልትወስኑበት የምትችሉትን የገንዘብ መጠን ተስማሙ። ከዚያ በላይ ከሆነ ተማከሩ። ስልክ በእጃችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ የተገዛውን ዕቃ እውነተኛ ዋጋ በዚያው ምሽት ተናገሩ። ደረሰኝ ያለውን በአንድ ቦታ አስቀምጡ፤ የሌለውን ጻፉ። የሰማችሁም ቶሎ አትቆጡ። ቁጣ የሚጠብቀው ሰው እውነት ለመናገር ይቸገራል።

ሦስተኛ፣ እምቢ ማለት ከሚችል ነጋዴ ጋር ተደራደሩ፤ ለዕለት እንጀራዋ ለተቀመጠችው ግን መልሱን ተዉላት።

እኔ በዚያ ቀን ሸሚዙን ልመልስ ብል ባለቤቴ፣ “ሸሚዙንስ ልበሰው፤ ዋጋውን ብቻ አትደብቀኝ” አለችኝ። ሸሚዙ ከተቀደደ ቆይቷል። ደረሰኞቻችን ግን ዛሬም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ የእሷም የእኔም። ወሩ ሲያልቅ ሻይ አፍልተን አንድ ላይ እንቆጥራቸዋለን። አንዳንዴ እንስቃለን፤ አንዳንዴም “ይህስ ባይገዛ ይሻል ነበር” እንባባላለን። ግን ማንም ማንንም አይፈራም።

እናንተስ ዛሬ ማታ “ዋጋው ስንት ነው?” ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ?